ማን አመጣው?

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣
ወንድሜ ይሰፋል የቆዳ ቦርሳውን፤
እኔም ፎቶ አንሥቼ፣ ጽፌ ዋጋውን፣
ስልክ ውስጥ ዘርግቻለሁ ሱቅና መደቡን።
ኪራይ የለበትም፣ በርም የለበት፤
ጠቋሚ ነው እንጂ መንገድ የሌለበት።

ስለዚህ መለመልሁ ሃያ ሦስት አሻሻጭ፤
አንዱ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ አንዱ ካርድ ሻጭ፣
አንዷ ጅዳ ሆና ሌሊት ስልክ ላይ አፍጣጭ።
ለያንዳንዱ ሰጠሁ የራሱን ሊንክ፣ ለብቻው፤
በዚያ ገብቶ ለገዛ፣ ከመቶ አሥር ድርሻው።
ደላላ ነው በሉት፣ ስሙ ነው የረቀቀ፤
ሥራው እንደ ድሮው ከጠብ ያልራቀ።

አንዲት ሙሽራ ገዛች ቀይ ቦርሳ።
ሁለት ሰው ደወለ።
«እኔ ነኝ ያመጣኋት!»
«ኧረ እኔ ነኝ፣ እኔ!»
ሌላው «ግማሽ ዋጋ» ብሎ ለጠፈ ያላልሁትን፤
ሌላው በራሱ ሊንክ ገዛ ለራሱ፣
ኮሚሽኑን ወስዶ መለሰ ዕቃውን።
እኔም ንግዴን ትቼ
በሌሊት ልብሴ ችሎት ተቀመጥሁ።

«አሻሻጮቼን የሚመራ ሰው እፈልጋለሁ» ብዬ
ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ወረቀት ለጠፍሁ።

አንደኛው መጣ፣ ከረባት አሥሮ።
ዳሽቦርድ አለ፣ ስትራቴጂ አለ፣ ዒላማ አለ፤
ወንድሜ መርፌውን አቁሞ
«አሁን ይህ ሰውዬ ይገዛል ወይስ ይሸጣል?» አለ።

ሁለተኛዋ «ተከታዬ ብቻ ዐርባ ሺህ ነው» አለችኝ።
ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ
ቦርሳችንን በጣቷ እንኳ አልነካችም።

ሦስተኛው አዛናው።
የአዘዞ ታክሲ ተራ አስከባሪ።
ዘጠኝ ዓመት «አዘዞ! አዘዞ!» ያለ ጉሮሮ፣
ሲናገር ሞረድ የሚመስል።
ሲቪ የለው። ከደረት ኪሱ አንድ ደብተር መዘዘ፣
በላስቲክ የታሰረ፣ ጠርዙን ላብ የበላው፤
ማን ስንት ሰው እንዳመጣ፣ በየቀኑ፣ በእርሳስ።

የሙሽራዋን ነገር ነገርሁት።
«አንተ ብትሆን ለማን ትከፍላለህ?»

ጥቂት አሰበ።
«አንዱ ሰውየውን ከቤቱ አስነሣው፤
አንዱ የታክሲውን በር ከፈተለት።
እኛ የምናየው በር የከፈተውን ነው።
ላስነሣው ግን ምንም ካልደረሰው፣
ነገ የሚነሣ ሰው የለም፤
በር ከፋቹም ባዶ በር ይዞ ይቀራል።
አካፍያቸው። ቢያኮርፉም እኩል ያኩርፉ።»

ከዚያ ዞር ብሎ
«አንቺስ የምትከፍይው መቼ መቼ ነው?»

የወንድሜ መርፌ ቆመ።
«እ... ሲሞላ» አልሁ።

«ሲሞላ የሚባል ቀን የለም።
ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ።
ስንት አለብሽ?»

«የሁለት ወር።»

ደብተሩን ዘጋ፣ ላስቲኩን ሁለት ዙር አዞረ።
«እንግዲያ መጀመሪያ ዕዳሽ ይውጣ።
የሚመራው ሰው ኋላ ይደርሳል።»
ብሎኝ ወጣ፤ በጠያቂዬ ፊት
ፈተናውን የወደቅሁት እኔ ነበርሁ።

ያን ሌሊት ዝናብ ነበር፤ መብራት ሄዶ መጣ።
ለፋብሪካው ቆዳ ያስቀመጥሁትን ብር ፈታሁ፤
አንድ በአንድ ላክሁ፣ ሃያ ሦስት ስም።
መጨረሻ ላይ ስመኝ፣ ከመተማ፤
ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ለጥፋ
አንዲት ትንሽ የብር ቦርሳ ያሸጠች።
ሠላሳ ስምንት ብር።
ሳፍር ላክሁላት።
ወዲያው መለሰች፣ በዚያ ሌሊት፦
«ረስታችሁኝ መስሎኝ ነበር።
ሊንኩን ግን አላጠፋሁትም።»

ጠዋት ለአዛናው ደወልሁ።
ከጀርባው ሌላ ጉሮሮ «አዘዞ! አዘዞ!» ይላል።
«ከፈልሁ» አልሁት። «አሁን ደሞዝህን እንነጋገር።»

«ቆይ፣ ከደሞዜ በፊት» አለኝ፣
«ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ፣ ያ አንካሳው፣
ወረቀትሽን አንብቦ ተራዬ ድረስ መጥቶ የነገረኝ፣
የሱስ ስንት ነው?»